የአያ ሰይድ የዱር ዳክዬ

የሰው ድስት ከፍታ ታያለች እየተባልሁ እንደምታማ አውቃለሁ። ጎረቤቴ አያ ሰይድ ግን ሚስታቸው ሐዋ ከሞተች ወዲህ በቅጡ እህል አለመቅመሳቸውን ያወቅሁት ድስታቸውን ከፍቼ ነው። የላክሁላቸው ወጥ ሁሉ ሻግቶ ተቀምጧል።

"አያ፣ ምን ልሥራልዎ?" ብላቸው፣

"የዱር ዳክዬ" አሉኝ። የሐዋን የዳክዬ ወጥ ከሚሴ ውስጥ ያላሞገሱለት ሰው የለም። ጨፋ ረግረግ ወርደው፣ ራሳቸው አጥምደው፣ ቢስሚላህ ብለው አርደው አመጡልኝ።

ወይ ዳክዬ! ከዱር ሥጋ እንደሱ የከፋ አላየሁም፤ ጭቃ ጭቃ፣ ዓሣ ዓሣ ይላል። ግማሹን በሎሚ አሽቼ አሳደርሁት። ሁለት ጊዜ ቀቅዬ ውሃውን ደፋሁና በሽንኩርትና በዝንጅብል አቁላላሁት። ዶሮ ቢባል ማን ይጠራጠራል! አያ ሰይድ አንዴ ጎረሱና "አላህ ይስጥሽ" ብለው እጃቸውን ታጠቡ።

በገንሁ። ልፋቴ ከንቱ ከሆነማ ብዬ፣ በማግስቱ የቀረውን ግማሽ ያለ ሎሚ፣ ሳልቀቅል፣ እንዲያው በበርበሬ ጣድሁት። ሽታው እኔኑ ከቤት አስወጣኝ። ያንኑ አቀረብሁላቸው።

ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ደገሙ፣ ሠለሱ፣ ሳህኑን በእንጀራ ጠረጉ።

"አያ፣ ይሄ ጣፍጦዎት ነው?"

"ኧረ እንዴት ይጣፍጣል! ቁርጥ የሐዋን ነው" አሉ፣ እየሳቁም እያለቀሱም። "ቅር እንዳይላት ብዬ እኮ ነው አርባ ዓመት ያሞገስሁት። በይ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ።"