ከነጠላዬ ሥር የሰማሁት ፈተና

አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። ፈታኝ ሆኜ ስገባ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። አጤሬራ ከካልሲ ውስጥ፣ ከቀሚስ ጠርዝ፣ አንዴማ ከዳቦ መሃል አውጥቻለሁ። ሲኮርጅ ይዤ የማርኩት ተማሪ የለም። ይህን የማወራው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ጉራም አለበት። ግን ቀጥሎ ያለውን ጉድ ስትሰሙ የሠራችው ማን እንደሆነች እንድታውቁ ብዬ ነው።

ሲያትል በዲቪ ከመጣን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። እኔ ሶዶ በሚባል የሲያትል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሽጋለሁ። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። እንግሊዝኛ መናገሩን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች፤ ማንበቡ ግን እምቢ ብሏታል። ስለዚህ በየጠዋቱ ከክፍል ትወጣና አንዲት ክብ ጠረጴዛ ጋ ከአራት ልጆች ጋር ትቀመጣለች፤ አንዲት መምህርት ታስነብባታለች። ልጄ ያቺን ጠረጴዛ እንዴት እንደምትወዳት! "ማይ ቴብል" ነው የምትላት። እኔ ግን አፍር ነበር። የአስተማሪ ልጅ አንብቢ ተብላ ከክፍል ተለይታ ትውጣ?

አንድ ቀን ከትምህርት ቤቱ ኢሜይል መጣ። ልጆቹ እስከ ዓርብ ድረስ ቤታቸው ሆነው በላፕቶፕ የንባብ ፈተና ይውሰዱ፣ ያሉበትን ደረጃ ለማወቅ ነው ይላል። ከታች በደማቁ "እባክዎ ልጅዎን አይርዱ" ተብሏል። ይህማ ለወጉ የሚጻፍ ነው አልኩ። የሰው ልጅ ሁሉ እናቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ እየነገረችው የኔዋ ብቻዋን ትውደቅ? ሞቼ ነው!

ረቡዕ ከሥራ መልስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጀመርን። ሁለቱን ጥያቄ ራሷ ሠራች። ሦስተኛው ላይ ልትሳሳት ስትል "እህ" ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ጉሮሮ መጥረግ ደግሞ መርዳት ነው እንዴ? አምስተኛው ላይ በጣቴ አሳየኋት። አሥረኛው ላይ ላፕቶፑን ወደ ራሴ ሳብኩት።

ያ ፈተና ለካ በትክክል በመለሱለት ቁጥር የባሰ ከባድ እያመጣ ነው የሚሄደው። እኔ ይህን መች አውቄ! እልህ ያዘኝ። ስለ ዓሣ ነባሪዎች ጉዞ የተጻፈ ረጅም ምንባብ መጣብኝ፤ በአንድ እጄ ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት ከፍቼ፣ ላቤ ጠብ እያለ ሠራሁት። ልጄ ሙዟን በልታ ሥዕል መሣል ጀምራለች። በመጨረሻ ሰብሚት አደረግኩት፣ ውጤቱ ወጣ፦ ስድስተኛ ክፍል። እልል አልኩ!

በማግስቱ ጠዋት ከኮሎምቢያ ሲቲ ጣቢያ ባቡር ስንሳፈር አብራኝ ለምትሠራው ሴት "ልጄ እኮ የስድስተኛ ክፍል ታነባለች!" አልኳት። "እሰይ! እግዜር ያሳድግልሽ" አለችኝ። አሜን አልኩ፣ ምንም ሳላፍር።

በቀጣዩ ሳምንት ሰኞ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችው። ምግብም አልፈለገችም። ምን ሆነሽ ብላት፣ ለካ መምህርቷ "ጎበዝ፣ ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግሽም" ብላ ከጠረጴዛዋ አስነሥታታለች። ወንበሯ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። እሷ ክፍል ውስጥ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዛ፣ ሌሎቹ ገጽ ሲገልጡ እያየች አብራ ስትገልጥ ዋለች።

"ያለፍሽው አንቺ ነሽ" አለችኝ በእንግሊዝኛዋ፣ እንባዋ እየወረደ። "ታዲያ ለምን እኔን አስወጡኝ?"

 ልጄ ታማ ላብራቶሪ የራሴን ደም የሰጠሁ ያህል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ስንቱን ወላጅ ስመክር ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ አጤሬራ ሆኜ ቁጭ አልኩላት። ተናደድኩ፤ በማንም አይደለም፣ በራሴ።

በማግስቱ ከሥራ አስፈቅጄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው ማለት ይቻል ነበር። ግን ኩረጃ የያዝኩባቸው ልጆች ሁሉ እንዲህ ዓይነት ሰበብ ነበር የሚደረድሩልኝ። "ፈተናውን የወሰድኩት እኔ ነኝ" አልኳት መምህርቷን። ሳቋ መጣና ዋጠችው። "ስድስተኛ ክፍል ጥሩ ነው" አለችኝ። ዲግሪ ይዤ ስድስተኛ ክፍል መባሌ ያን ጊዜ ገና ቆረቆረኝ! ፈተናውን እንደገና ከፈተችልኝ። በራሷ ከሠራችው ወንበሯ ይመለስላታል አለች።

ማታውኑ እጆቼን ጭኔ ሥር ቀብሬ ከልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ማውሱን አንዱ መልስ ላይ አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ። ወደ ሌላው ወሰደችው፣ አሁንም አየችኝ። ግንባሬ ፈታ ያለበት ላይ ክሊክ ልታደርግ ነው! ጽሑፉ ቢያቅታት የኔን ፊት አንብባ ጨርሳዋለች።

ተነሥቼ ነጠላዬን አመጣሁና ፊቴን ጥቅልል አድርጌ ተቀመጥኩ።

"ማሚ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ፈታኝ ነኝ። ሥራሽን ሥሪ።"

ሳቀች፣ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን አውጥታ ማንበብ ጀመረች። አንዷን ፊደል ትይዛለች፣ ትለቃለች፣ ተመልሳ ትይዛለች። እንዲህ ስታነብ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ቃሉን ከአፏ እቀማታለሁ። አንዱን ቃል አራት ጊዜ ሞከረችው። እኔ ልናገር ልናገር ሲለኝ ነጠላዬን ነከስኩ። በአምስተኛው ወጣላት! ከውስጥ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ ማንም አላየኝም።

"ጨረስኩ፣ ግለጪ" አለችኝ።

ሁለተኛ ክፍል ይላል። "ሁለተኛ ብቻ?" ልል አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ቁጥሯ ላይ ጣቷን አሳረፈችና፣ በአማርኛ፣ "ይቺኛዋ የኔ ናት" አለች።

ሰኞ ወንበሯ ተመለሰላት። ባቡር ውስጥ ያቺ የሥራ ባልደረባዬ "እንዴት ናት የስድስተኛ ክፍሏ?" አለችኝ።

"ሁለተኛ ክፍል ናት" አልኳት፣ ተሳፋሪው ሁሉ እስኪዞር ጮክ ብዬ። "ግን ራሷ ናት ያነበበችው።"