የዋቅቶላ ወፍጮ ዝም ያለ ሰሞን

ከጌዶ ወረድ ብሎ ገደል ለሁለት የከፈለው አንድ ገጠር አለ። በወዲህኛው አፋፍ ላይ ዋቅቶላ የሚባል ባለወፍጮ ይኖራል፤ በወዲያኛው ደግሞ ፉፋ የሚባል ሌላ ባለወፍጮ። ሁለት ባለወፍጮዎች ፊት ለፊት ሲቀመጡ ምን ዓይነት ፍቅር እንደሚኖራቸው መቼም አይጠፋችሁም።

ቀድሞ የተከለው ዋቅቶላ ነው። የናፍጣ ሞተሩን አምቦ ድረስ ወርዶ ገዝቶ ያመጣው ገና ጎረምሳ ሳለ ነበር። በዚያ አገር ወፍጮ የሚታወቀው በድምፁ ነው። ባለወፍጮ ሁሉ በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ቆርቆሮ ይገጥማል፤ ሞተሩ ሲነሳ ቆርቆሮው "ኩክ! ኩክ! ኩክ!" እያለ ሸለቆውን ይሞላዋል። የሰማ አህያውን ይጭናል፤ ያልሰማ ዱቄት የለውም። ዋቅቶላ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠና እየበሳ ልክ እንደ ዋሽንት ቃኝቶታል። "የኔን ከሌላው የማይለይ ሰው ጆሮውን ይታከም" ይላል። ፉፋ በኋላ መጥቶ ማዶ ላይ ሲተክል ከፍ ያለ ቱቦ አቆመ። ዋቅቶላም ያንን ድምፅ በሰማ ቁጥር "አሁን ይሄ ወፍጮ ነው ጉንፋን?" ብሎ ይጠይቃል። መልስ የሚሰጠው የለም፤ ሰው ዱቄቱን ተሸክሞ ይሄዳል።

ሚስቱ በጊዜ ሞታ ጂቱ የምትባል አንዲት ልጅ ጥላለት ነበር። አባትም እናትም ሆኖ እዚያው ወፍጮ ቤት አሳደጋት። ልጅቷ አደገችና ከዚህ ሁሉ የሰው ልጅ መርጣ ደቻሳን፣ የፉፋን ልጅ ወደደች። ፉፋ ሽማግሌ ላከ። ዋቅቶላ ሽማግሌዎቹን ያነጋገራቸው ሞተሩን ሳያጠፋ ነው፤ እነሱ ይጮኻሉ፣ እሱ "አልሰማም" ይላል። ጂቱ ግን ሰምታ ነበርና ሄደች። ሠርጉ ላይ አልተገኘም። "ከዛሬ ጀምሮ ስሟ እንዳይነሳብኝ!" አለ። ሰፈርተኛውም ቃሉን አከበረለት፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ አከበረለት።

ይሄ እንግዲህ ለሰው የሚወራው ነው። ዋቅቶላ ግን ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ይነሳና አንዲት ቁና እህል በሌለበት ሞተሩን ያስነሳል። ቆርቆሮው ይጮኻል። እሱ ደጁ ላይ ቆሞ ማዶ ያለውን የፉፋን ግቢ ያያል። ከጣሪያው ጭስ ብቅ ሲል ሞተሩን አጥፍቶ ቁርሱን ይበላል። "ምነው ባዶውን?" ሲሉት "ሞተር ጠዋት ካልሞቀ ይታመማል" ይላል። ልጁ ድምፁን ትስማው አትስማው፣ ብትሰማውስ ጉዳይዋ ይሁን አይሁን አያውቅም። በዚህ ምድር ላይ ማወቅ የሚፈልገው ነገር ይሄው ብቻ ነበር። እንዳይጠይቅ ደግሞ ስሟ እንዳይነሳ ብሏል።

በ2016 ዓ.ም. የመብራት መስመር ከጌዶ ተዘርግቶ መጣ። መስመሩን ተከትሎ ሌታ የሚባል ወጣት ባለሙያ ከአምቦ መጣ። ሥራው የናፍጣ ወፍጮዎችን በመብራት መቀየር ነው። ሌታ የወዲህኛውን አፋፍ ሰው ሰብስቦ አስረዳ። የዓለም አየር ሞቋል አለ። የሚያሞቀው ከመኪናው፣ ከፋብሪካው፣ ከከብቱና ከእርሻው የሚወጣው ጋዝ ነው፤ በሌላው አገርማ መብራቱ ራሱ የሚመነጨው ድንጋይ ከሰል እየተቃጠለ ነው። የኛ መብራት ግን ከውኃ ስለሚመጣ አያጨስም፤ ስለዚህ ናፍጣውን ትቶ ወደ መብራት የገባ ወፍጮ ለዓለም የበኩሉን አደረገ ማለት ነው።

"የፉፋም ጭስ ያሞቃል?" አለ ዋቅቶላ።

"የሁሉም ያሞቃል፣ ኦቦ ዋቅቶላ።"

"የሱ ግን ይበልጣል።"

ሌታ እንደ ሞተሩ ሁኔታ ነው አለ። ዋቅቶላ ይህንን እንደ አዎ ቆጠረው።

ውሉ ቀላል ነው። አዲሱ ይተከላል፤ አሮጌው ሌላ ቦታ ሄዶ እንዳያጨስ በመኪና ተጭኖ ይሄድና ይሰባበራል። "ደግሞ ድምፅ የሚባል ነገር የለውም!" አለ ሌታ ደስ ብሎት። "አጠገቡ ቆመው ስልክ ማውራት ይችላሉ።"

 ዋቅቶላ ስልክ የሚያወራው ሰው አልነበረውም። "ቆርቆሮ አይገጠምለትም?" አለ በመጨረሻ።

"የት ላይ? ጭስ ማውጫ የለውም እኮ።"

ዋቅቶላ ቤቱ ገብቶ አሰበበት። ናፍጣ ፍለጋ ማደያ በር ላይ ጀሪካን ይዞ መሰለፍ መሮታል። ደረቱም ከዓመት ዓመት በጭሱ ተበላሽቶ ሲያስል ያድራል። ላለመቀየር የነበረው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን "ለልጄ ድምፄን ላሰማበት" ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር አለበት። ይህን ከሚናገር ሞተሩን መስጠት ቀለለው። ፈረመ።

የምረቃው ዕለት ግቢው ውስጥ ትልቅ ድንኳን ተተከለ። እንግዶች መጡ፣ ሴቶቹ ነጭ ለብሰው ወጡ፣ ንግግር ተደረገ። አሮጌው ሞተር ሸራ ተጠቅልሎ በወንዶች ሸክም ከወፍጮ ቤት ወጣና መኪና ላይ ተጫነ። ዋቅቶላ አንገቱን ደፍቶ እስከ መንገዱ ሸኘው። ሁሉም አጨበጨበ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ቁልፉን ተጫነ። አዲሱ ወፍጮ ንብ እንደገባበት ቤት እዝዝ አለ። ዋቅቶላ ደጁ ላይ ቆመ። ማዶ ከጣሪያው ጭስ ወጣ፤ እሱ ሳይጠራው በራሱ ጊዜ ወጣ። ቁርስ አላሰኘው። ከቅርብ ጎረቤቶቹ በቀር እህል ይዞ የመጣም ሰው አልነበረም። የሚገርመው የፉፋም ወፍጮ ዝም ብሏል። "እሰይ! ናፍጣ አለቀበት" አለ። ያቺ ብቻ ትንሽ አጽናናችው።

ቀኑ ሳይጋመስ ከገደሉ በኩል ለቅሶ ተሰማ። የዋቅቶላ ጆሮ ከሞተሩ ጋር አብሮ ያረጀ ስለሆነ ጩኸቱን እንጂ ቃሉን አይለይም። ብቅ ብሎ ሲያይ ሰው በሰልፍ ይወጣል፤ ሴቶች ወገባቸውን አስረዋል፣ ዳቦና ንፍሮ የተሸከመ አለ። ሰፈር ውስጥ ሰው መሞቱ ነው ብሎ ደነገጠ፤ ከለቅሶ የሚቀር ሰው አይደለምና ጋቢውን ደርቦ በጓሮ በኩል ወጣና ከኋላ ተቀላቀለ።

"ሟቹ ማን ነው?" አለው አጠገቡ ያለውን ሰው።

ሰውየው ጋቢውን አፉ ላይ እንደያዘ "ዋቅቶላ" አለ።

"የትኛው ዋቅቶላ?"

"ባለወፍጮው ነዋ!"

ዋቅቶላ ትንሽ አሰበ። በአካባቢው ሌላ ባለወፍጮ ዋቅቶላ የለም። "ምን አገኘው?" አለ።

"ጭሱ ነው አሉ፣ ሳንባው ገባ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኩርፊያው ነው እንጂ።"

"ለኩርፊያውም ቢሆን ምክንያት ነበረው" አለ ዋቅቶላ።

"ምን ምክንያት አለው! ግትር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና" አለ ሰውየው፤ ይህን ብሎ ዞር ሲል አየው። ንፍሮውን እዚያው ጥሎ ሮጠ።

ፉፋ ገና ካልፈረሰው የምረቃ ድንኳን ፊት ቆሞ "ያ ዋቃ! አምላኬ!" እያለ ደረቱን ይደቃል። ዋቅቶላ በፉፋ አፍ እንዲህ ይለቀስልኛል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበርና ለማቋረጥ ትንሽ ዘገየ። በኋላ ግን ትከሻውን ነካ አደረገው።

"አንተ!" አለ ፉፋ። "በቁምህ ነህ?"

"ምን ልሁንልህ?"

ፉፋ መጀመሪያ አማተበ፤ ቀጥሎ በጣም ተናደደ። "ድንኳን አየን! ተሸፍኖ በሸክም የወጣ ነገር አየን! ወፍጮህ ዝም አለ! በሥራ ቀን ዝም ያለው ሚስትህ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው። ምን እንበል?"

"ስልክ አትደውልም?"

"ሞተሃል ወይ ብዬ አንተው ጋ ልደውል? እኔ የማዝን ነኝ፣ ወፍጮዬን ዘግቼ የመጣሁ!"

"ማን ዝጋ አለህ?"

"አራሷ እንዳትሰማ ነዋ! ልጅህ ጠዋት ያንተን ቆርቆሮ ካልሰማች እሳት አታነድም፤ እርጉዝ ሆና እንኳ ብርድ ላይ ወጥታ ትቆማለች። ዛሬ እሳቱን ያነደደችው ሚስቴ ናት። ያንተ ዝም ብሎ የኔ ቢጮኽ ወዲያው ይገባታል። ለአራስ መርዶ ይነገራል? የኔንም አጠፋሁና ናፍጣ ጠፋ አልናት።"

ዋቅቶላ ከዚህ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ይዞ ቀረ። "አራስ?" አለ። "ማን ነው አራስ?"

 ከጎረቤቶቹ አንዱ መሬት መሬቱን እያየ "ስሟ እንዳይነሳ ስላልክ እኮ ነው" አለ።

ዋቅቶላ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እንባው መጣ፤ ላቁምህም አላለው። ትሰማው ነበር። በየጠዋቱ ቆማ ትሰማው ነበር። ለቀስተኞቹ ግራ ገባቸው፤ ሟቹ አጠገባቸው ተቀምጦ ሲያለቅስ ምን እንደሚደረግ ወግ የለውም። በኋላ ያመጡትን ዳቦ ቆርሰው በሉ። አንዲት ሴት ወደ ወፍጮ ቤቱ አጮልቃ "አሁን ይሄ ይፈጫል?" ስትል ሌሎቹም ተከትለው ገቡና አዲሱን ወፍጮ እየነካኩ አዩት።

ሁለቱ ሰዎች ገደሉን አብረው ወረዱ። ፉፋ ቁልቁለቱን ሙሉ ተቆጣ። "ለዓለም አየር አሰብኩ ብለህ አገር በቁምህ አስለቀስክ!" አለ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠረውና ተወው።

በር ላይ የፉፋ ሚስት ባየሽ ጠበቀቻቸው። ዋቅቶላን ስታይ ክው አለች፤ ቀጥላ "በአንዴ እንዳታስደነግጧት፣ ወተቷ ይደርቃል" ብላ ባሏን ወደ ጎን ሳበችው። የሞተ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁለቱም ያውቃሉ። ያልሞተ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚነገር ግን አያውቁም። እነሱ ሲንሾካሾኩ ዋቅቶላ ገባ።

ጂቱ ሕፃኑን ታቅፋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ብርድ ልብሱ ሸርተት ብሎ ነበርና ወገቧን እንደ ለቀስተኞቹ ሴቶች በነጠላ ጥብቅ አድርጋ ማሰሯን አየ። አራስ ወገቧን ለሐዘን አታስርም።

ትኩር ብላ አየችው። "አባ ኮ፣ አባቴ" አለች።

"አለሁ" አለ ዋቅቶላ።

"ወፍጮህ ዝም አለ።"

"በመብራት ሆነ። ለአየሩ ይበጃል አሉ። ጭሱን ሲወስዱት ድምፁም አብሮ ሄደ።"

"እኔን ናፍጣ ጠፋ አሉኝ" አለች ጂቱ። "አባቴን ግን አውቀዋለሁ። አገር ሙሉ ናፍጣ ቢያጣ ለጠዋቷ የምትሆን አያጣም። ሞቷል አልኩ። እነሱ ለኔ ብለው ሲጨነቁ አሳዘኑኝና ያመንኩ መሰልኩ። ከቤት ሲወጡልኝ እየጠበቅኩ አለቀስኩህ።"

ከበሩ ላይ ባየሽ አፏን በእጇ ያዘች።

"ባዶውን ነበር የማስነሳው" አለ ዋቅቶላ። "ላንቺ ነበር።"

"አውቃለሁ። እህል የገባበት ወፍጮ ድምፁ ይከብዳል። ወፍጮ ቤት እኮ ነው ያደግኩት።"

 ዋቅቶላ እጁን በጋቢው ጠረገና ዘረጋ፤ ሕፃኑን ሰጠችው። ፉፋ ነገሩን ለማለሳለስ ብሎ ጠጋ አለና "ገና ስም አላወጣንለትም" አለ።

"እኔ አውጥቼለታለሁ" አለች ጂቱ። "ኢዶሳ ነው።"

 ኢዶሳ ማለት በኦሮምኛ በቦታው፣ በሱ ፈንታ እንደማለት ነው፤ ሰው በሞተበት ሰሞን ለተወለደ ልጅ የሚወጣ ስም ነው።

"ይቀየራል!" አለ ፉፋ። "ሰውየው ይኸው በቁሙ አለ! ሟርት ነው!"

ዋቅቶላ ሕፃኑን አየው። ሕፃኑ ተኝቷል። "ተዉት፣ አይቀየር" አለ። "መሞቴ እንደሆነ አይቀርም። ልጁ ትንሽ ቀድሞ መጣ እንጂ።"

ጂቱ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የወገቧን ነጠላ ፈታችና ሕፃኑን አባቷ ክንድ ላይ እንዳለ አለበሰችው።