አባቴ የሞላቸው ጥይቶች

የጋዝ ምድጃው አልቀጣጠል ብሎ ቀጭ ባለ ቁጥር ትንፋሼን ይዤ ቆሜ እቀራለሁ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «ምን እየጠበቅሽ ነው?» ትለኛለች። እሷ ያን ድምፅ ከአባቴ ጋር አልሰማችውም።

ያኔ አሜሪካ፣ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለችው ዋይትሆል ነበር የምንኖረው። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ በቫን ዕቃ ሲያደርስ ይውልና እሁድ እሁድ ኢላማ ሊተኩስ ይሄድ ነበር። ወታደር ሳለ የተማረው ነው፤ እዚህ አገር ማንም ሳያስተምረው የሚችለው እሱን ብቻ እንደሆነ ይናገር ነበር። በወረርሽኙ ጊዜ ጥይት ከየሱቁ ሲጠፋ፣ ጡረታ የወጣው ፈረንጅ ጎረቤታችን ባዶ ቀለህ መልሶ የሚሞላበትን መሣሪያ አዋሰው። እኔም ትምህርቱ ኦንላይን ሆኖብኝ፣ ቤት መቀመጡ ሲያቁነጠንጠኝ አብሬው ጋራዥ ገባሁ።

ጋራዡ የናስና የሞተር ዘይት ሽታ ነበረው። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፤ ባሩድ መመዘኑን ትተን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ፕራይመሩን፣ ማለትም ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ቆብ፣ ቀለሁ ቂጥ ውስጥ የሚያስገባው አባቴ ነበር። በመዳፍ የሚጨመቅ መሣሪያ ነው። ባሩዱና እርሳሱ የኔ ሥራ ሆነ።

ከዚያ ጥይቶቹ ይከሽፉ ጀመር። አባቴ ቃታውን ይስባል፤ ቀጭ። አፈሙዙን ከኢላማው ሳያነሳ፣ «እንዳትነቃነቂ! ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል» ይለኛል። እንጠብቃለን። ምንም የለም። አንዳንዱ ሲደገም ይተኩሳል፣ አንዳንዱ ጭራሽ እንቢ ይላል።

«ፕራይመሩ ኤክስፓየር አድርጎ ይሆናል» አለ፤ ቀየርነው። «የእጃችን ዘይት ነክቶት ይሆናል» አለ፤ በጓንት ሠራን። ጎረቤታችን ጠመንጃውን ፈታቶ ቼክ አደረገውና ደህና ነው አለ። እሱ የሰጠን የፋብሪካ ጥይትም አንድ ሳይከሽፍ ተኮሰ። አባቴ ዕረፍት አጣ። እራት ላይ ጉርሻውን ትቶ ይነሳና ጋራዡ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል እንሰማዋለን። እናቴ፣ «ለጨዋታ ነው እንዲህ የምትሆነው?» ስትለው፣ «የከሸፈ ጥይት ጨዋታ አይደለም» ብሎ ጮኸባት። ከዚያ በፊት አይጮህባትም ነበር።

አንድ ቅዳሜ እሱ ሥራ ላይ እያለ ጥቂቶቹን ከፕራይመሩ ጀምሬ ራሴ ሞላሁና ጎናቸውን በቀይ የጥፍር ቀለም ነካ ነካ አደረግኋቸው። በማግስቱ ቀዮቹ በሙሉ ተኮሱ። ከሌሎቹ ሦስቱ ከሸፉ።

«ቀዮቹን ማን ሞላቸው?»

«እኔ።»

ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ አስቀመጠ። ካልተተኮሱት አንድ ከኔ አንድ ከራሱ አነሳና ቂጣቸውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ለኔም ሰጠኝ። የኔው ልሙጥ ነው። የሱ ፕራይመር እንደ ጤፍ ፍሬ ብቅ ብሏል፤ እስከ መጨረሻው ስላልተጫነ የጠመንጃው መርፌ ሲመታው ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ አይለኮስም።

ቀኝ እጁን ገልብጦ አየው። ያን ጊዜ እኔም ያላየሁትን ሁሉ አየሁ፤ ሻዩን ብርጭቆውን ሳያነሳ ጎንበስ ብሎ የሚጠጣውን፣ የጃኬቱን ዚፕ እናቴ የምትዘጋለትን።

«የሚዝልብኝ ከክረምቱ ጀምሮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ብርዱ መስሎኝ።»

«አባዬ፣ ዶክተር ጋ እንሂድ።»

«እሺ።» አልተከራከረኝም፤ ያ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

ዶክተሩ የበሽታውን ስም ነገረን፤ የሚድን አልነበረም። ቫኑን መንዳት ተወ። እሁዱን ግን አልተወም። ፕራይመሩን እኔ እጨምቃለሁ፤ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ እያንዳንዱን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ «ይሄ ገብቷል፣ ይሄም» ይላል።

ቅጠሉ ሲረግፍ አንድ እሁድ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። አፈሙዙ አልረጋ አለው። አውርዶ ወደኔ ገፋው።

«አንቺ ተኩሺ። እኔ ልይልሽ።»

ከኋላዬ ወንበር ስቦ፣ ሁለቱን እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አስገብቶ ተቀመጠ። ተኮስኩ።

«ወደ ግራ ሄደብሽ» አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።