ከአንጀት ወደ ጡንቻ ያሰመርኩት መስመር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የእጅ መደገፊያ የሌለው ወንበር፣ ስቶፕዋችና የቅጽ ክምር ተሰጠኝ። የሰጠችኝ ዴኒስ ትባላለች፤ የጡንቻ ክሊኒኩ ዋና ነርስና የእኔ አለቃ ናት። «ሕመምተኛው እጁን ደረቱ ላይ ያጣምራል። በሠላሳ ሴኮንድ ስንት ጊዜ ተነሥቶ እንደተቀመጠ ትቆጥሪና ትጽፊያለሽ። በቃ» አለችኝ።

«በቃ» የሚለው አልተዋጠልኝም። ሎተሪ ደርሶኝ ዳላስ ከመምጣቴ በፊት ደብረ ብርሃን ሁለት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። አስተማሪ የሆነ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ መቁጠር ይከብደዋል። ስለዚህ ዴኒስ ዘወር ስትል ወንበሩ ላይ ራሴን ሞከርኩ። ሃያ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። ተመልሳ ስታገኘኝ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። «ዛሬ አንደኛ ወጥተሻል» አለችና ሳቀች።

ቀጥሎ የገባው ሰው ትከሻው በር የሚሞላ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አራት ጊዜ ብቻ ተነሣ። በአምስተኛው ግማሽ ላይ ቀርቶ ተመልሶ ተቀመጠና ግንባሩን ጠረገ። ጡንቻው በዓይን ሲታይ ምንም አላነሰውም፤ የማይታዘዘው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ነው እዚህ ሥራ ላይ ያቆየኝ።

መልሱን ዶክተር ሊን በምሳ ሰዓት ነገረችኝ። የክሊኒኩ ሐኪም ናት፤ ሳንድዊች እየበላች ስትጠየቅ ደስ ይላታል። በሽታው ማዮሳይተስ ይባላል። ሰውነትን ከተህዋስያን የሚከላከለው ኃይል ተሳስቶ የራሱን ጡንቻ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። እኔ ለሕመምተኞቻችን ሳስረዳ እንዲህ እል ነበር፦ የግቢው ዘበኛ የቤቱን ልጅ ሌባ ነው ብሎ ሲደበድብ አስቡ። መድኃኒቱ የዘበኛውን ዱላ ይቀንስለታል።

«ዘበኛው ለምን ተሳሳተ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሙሉ በሙሉ አናውቅም። አንጀት ላይ የምናተኩርበት ምክንያት ግን አለ» አለች። ከመከላከያ ሴሎቻችን አብዛኞቹ በአንጀት ዙሪያ ይኖራሉ። አንጀት ውስጥ ደግሞ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች አሉ። ሴሎቹ ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ በከፊል የሚማሩት እዚያ ነው። እኔም ወዲያው መናኸሪያ ታየኝ፤ ሺህ መንገደኛ በሚተላለፍበት ቆሞ ሌባውን ከተሳፋሪ መለየት የሚማር ዘበኛ። «ራስን በራስ በሚያጠቁ በሽታዎች የተያዙ ሰዎች የአንጀታቸው ባክቴሪያ ከጤነኛው ሰው ለየት ሊል ይችላል። ግን በሽታው ነው ባክቴሪያውን የለወጠው ወይስ ባክቴሪያው በሽታውን አመጣ? ወይስ መድኃኒቱና ምግቡ ናቸው? ይህ ገና ጥያቄ ነው» አለችኝ።

እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰማሁ። ሁለተኛውን ግማሽ ጆሮዬ ሰምቶ ልቤ አልያዘውም።

ክሊኒኩ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ቪከሪ ሜዶ ወደሚባለው ሰፈር ይልከኝ ጀመር። የእኛ ሰዎች እዚያ አፓርትመንቶች ውስጥ ብዙ ናቸው፤ ከአንዱ ግቢ አዳራሽ ተፈቅዶልን በአማርኛ የጤና ትምህርት እሰጣለሁ። ከምኖርበት ከዋይሊ ስነሣ ባለቀለም ማርከሮቼን በመልክ በመልካቸው ደርድሬ ነበር የምሄደው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት እትዬ ጽጌ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አልፏል። አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ኩሽና ለአውሮፕላን ተሳፋሪዎች የሚሆን የምግብ ትሪ ይደረድራሉ። ሕመሙ የጀመራቸው ትሪ ወደ ጋሪው ላይኛ መደብ ማንሣት ሲያቅታቸው ነው፤ ቀጥሎም ፀጉራቸውን ማበጠር አቃታቸው። ማዮሳይተስ እንዳለባቸው ከታወቀ ወዲህ ከትሪው ሥራ ወጥተው ነበር። መልሶ ለመግባት ዶክተር ሊን «ሙሉ ሥራ ትችላለች» የሚል ወረቀት መፈረም አለባት።

ማርከሮቼን አዩና፣ «ቲቸር፣ ገና ከአይሮፕላን መውረድሽ ነው እንዴ? ዱላውን የት ረሳሽው?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

ያን ቀን አንድ ሥዕል ሣልኩ። በስተግራ አንጀት፣ በስተቀኝ ክንድ፣ መካከላቸው ላይ ቀይ ቀስት። ኮፒ አድርጌ ለሁሉም አደልኩ። ከዚያ ዘበኛውን፣ መናኸሪያውን፣ ሁሉንም ተረኩ። ሰው ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠኝ ደስ አለኝ። «ገና ጥያቄ ነው» የምትለዋን በመጨረሻ፣ ወንበር እየተሰበሰበ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልኳት።

ለእትዬ ጽጌ አንድ ቅጽም ሰጠኋቸው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ በዓምድ የተከፈለ ነው። የበሉት፣ የበሉበት ሰዓት፣ የጠዋት መድኃኒት፣ የጉልበት ስሜት። ዴኒስ ባየችው ጊዜ፣ «ከእኛው ይሻላል» ብላኝ ነበር፤ ለሳምንት ያህል ኮራሁ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እትዬ ጽጌ ወንበሩ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ይነሡ ነበር። ሲጀምሩ አራት ነበር። «ሌላ ሁለት ብጨምር ወረቀቴ ይፈረማል አይደል?» ይሉኛል። ትሪው ናፍቋቸዋል። «እቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳውን ስቆጥር ልጄ ከማኪኒ መጥታ ፀጉሬን ትሠራኛለች። በዚህ ዕድሜ አሻንጉሊት ሆኜ!»

ከደብረ ዘይት በኋላ በነበረው ማክሰኞ ለምርመራ መጡ። ቅጻቸው ሲታይ ያምር ነበር። አንድ መስመር እንኳ አልተዘለለም። ዴኒስ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ «ተማሪዎችሽ ሁሉ እንዲህ ቢሆኑ» አለችኝና ወደ ሌላ ክፍል ሄደች።

እኔን ያስቆመኝ ማማሩ ነው። ደብረ ብርሃን ሳለሁ የቤት ሥራውን በየዕለቱ የሠራ ተማሪና ክፍል በር ላይ ቆሞ የገለበጠ ተማሪ ደብተራቸው ይለያይ ነበር። በየዕለቱ የተሠራ ላይ ቀለሙ ይቀያየራል፣ ጽሑፉ አንዴ ይሰፋል አንዴ ይጠባል። የእትዬ ጽጌ ምግብና ሰዓት እንደዚያ ነው። የመድኃኒቱ ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሰማያዊ ምልክት፣ አንድ ዓይነት ዘንበል ያለ።

ከዚያ ጎን ለጎን አነበብኩት። መድኃኒት፦ ጠዋት ከምግብ ጋር፣ ተወስዷል። የመጀመሪያ ምግብ፦ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ዴኒስ ብታየው የምግብ ሰዓት ነው፤ ለእኔ ግን ጾሙ ነው።

«እትዬ ጽጌ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ቀመሱ?»

«ኧረ አንቺ! በጾም ማን ይቀምሳል? ውኃም አልነካሁ።»

«ኪኒኑንስ በምን ዋጡት?»

ቦርሳቸውን ከጭናቸው አንሥተው መሬት አስቀመጡ። መልሰው አነሡት።

«ምልክት አድርገዋል እኮ።»

«አደረግኩ። ባዶውን ባመጣው ዴኒስ አንቺን ትቆጣሻለች ብዬ ነው።»

«መቼ አቆሙት?»

«አላቆምኩም፤ ማለቴ፣ መጀመሪያ ዘለልኩት። ከምግብ ጋር ይላል፣ እኔ ጠዋት አልበላም። ማታ ስወስደው እንቅልፍ ነሣኝ። ሶ፣ ተውኩት። ተውኩትና ምንም አልሆንኩም! ያን ጊዜ ሥዕልሽ ትዝ አለኝ።»

«የትኛው ሥዕል?»

«ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩት ነዋ! አንጀት፣ መስመር፣ ክንድ። ምንጩ አንጀት ከሆነ እኔ ምንጩን አጽድቻለሁ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። ኪኒን በላዩ ለምን እጨምራለሁ?»

«መድኃኒት ይተው ብያለሁ?»

«አላልሽም» አሉ እትዬ ጽጌ። «ግን ቲቸር፣ መስመሩ ወፍራም ነበር።»

ወንበሩን አቀረብኩ። እጃቸውን አጣመሩ። አምስት ጊዜ ተነሡ፤ በስድስተኛው እጃቸው ሳይታወቃቸው ከደረታቸው ወርዶ ጭናቸውን ተደገፈ። ሁለታችንም አየነው።

ክንዴን ያዙኝ። «ስሚኝ ልጄ። ዘጠኝ ብለሽ ጻፊ። ከዛሬ ጀምሮ እወስደዋለሁ፣ በማርያም። ይኼን ካወቁ ወረቀቴን አይፈርሙም። ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡብኛል።»

አምስት ብዬ ጻፍኩ። «ይቅርታ» አልኳቸውና ዴኒስን ልጠራ ወጣሁ። ኮሪደሩን ስሄድ የምፈራው ለእሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም ነበር።

ዴኒስ አልጮኸችም። «ስንት ቀን ሆነው?» ብቻ አለች። አሥራ ሁለት ቀን። ስቴሮይድ የሚባለው የጠዋቱ ኪኒን በድንገት አይቋረጥም፤ ኪኒኑ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ስለሚያቆም፣ መድኃኒቱ በድንገት ሲቀር ሰው ሊወድቅ ይችላል። የደም ግፊታቸው ተኝተውም ቆመውም ተለካ። ደም ተቀዳ። ዶክተር ሊን መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ምግብ ሲውጡ ያንቃቸው እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቀቻቸው፤ በሽታው የጉሮሮ ጡንቻንም ይነካል። እኔ አስተረጎምኩ። እትዬ ጽጌ የሚመልሱት ግድግዳውን እያዩ ነበር።

«ግን ተውኩት፣ ደህና ነበርኩ፤ ይህን ንገሪያት» አሉ።

«ጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚናገረው» አለች ዶክተሯ። «ያ ጉልበት ከመድኃኒቱ የተረፈ ሊሆን ይችላል። ምግቡም ረድቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለቀየርሽ መለየት አልችልም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ይህን ያህል ሰዓት እንደምትጾም ለምን አላወቅሁም?»

«ቅጹ ስለ ጾም አይጠይቅም» አልኩ።

«ቅጹን ማን አዘጋጀው?»

«እኔ።»

እኔ ራሴ ጾመኛ ነኝ። ለራሴ ግልጽ የሆነውን ለመጠየቅ አላሰብኩም።

እትዬ ጽጌ ኮሪደር ወጥተው ለንስሐ አባታቸው ኮል አደረጉ። የቄሱ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ይሰማ ነበር። «ለታመመ ሰው ጾሙ ግዴታ አይደለም። ጠዋት በልተሽ መድኃኒትሽን ውሰጂ። ደግሞ እንዲህ ያለው የሚጠየቀው ከማቆም በፊት ነው!»

ስልኩን ዘግተው፣ «ዛሬ እኔን ለመቆጣት ቀጠሮ የያዘ ሌላ ሰው አለ?» አሉ። አልሳቅንም።

የደም ውጤቱ ሲመጣ ጡንቻቸው እንደገና እየተጎዳ መሆኑን አሳየ። ወረቀቱ ሳይፈረም ቀረ። ኩሽናው ቦታቸውን አልሰጠባቸውም፤ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ፣ ማንኪያና ሹካ በናፕኪን የመጠቅለል ሥራ ሰጣቸው። እኔን ግን ከሰላምታ በቀር አያነጋግሩኝም። ለምርመራ ይመጣሉ፣ እቆጥራለሁ፣ እጽፋለሁ። ስድስት። ስድስት። ስምንት። ቅጼ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት?

በሐምሌ ሙቀት አንድ ማክሰኞ አሥራ አንድ ጊዜ ተነሡ። ዶክተር ሊን እዚያው ቆማ ወረቀቱን ፈረመች። እትዬ ጽጌ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ከተቱና ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቪከሪ ሜዶ አዳራሽ ገቡ። ከሺፍት መምጣታቸው ነበር፤ የኩሽናውን የፀጉር መረብ አላወለቁም። ከቦርሳቸው ሥዕሌን አወጡ። ጥጉ ዘይት ጠጥቷል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«አርሚ» አሉኝ።

አዲስ ወረቀት አወጣሁ። አንጀቱን ሣልኩ፣ ክንዱን ሣልኩ። መካከላቸውን በነጠብጣብ አያያዝኩና ከላዩ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። ከክንዱ ሥር ኪኒን ሣልኩና በወፍራም መስመር አገናኘሁት።

«ይኼ ነጠብጣብ መቼ ነው መስመር የሚሆነው?»

«አላውቅም። ዶክተሯም አታውቅም። ላይሆንም ይችላል።»

«እና ምን አስተማርሽኝ ታዲያ?»

«ይኼንኑ።»

አዲሱን ሥዕል ከጠረጴዛው አነሡ። ከዚያ፣ «ኦኬ። ቴፕ ስጪኝ» አሉ። ልለጥፍላቸው ብነሣ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። ወረቀቱን ይዘው ወደ ቦርዱ ሄዱ፣ ሁለቱንም ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አነሡ፣ ከሁሉ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ለጠፉት፤ አራቱንም ጥግ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ። እኔ ከልማድ የተነሣ ሴኮንድ እቆጥር ነበር።

አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ወንበሩንና ስቶፕዋቹን የምሰጠው እኔ ነኝ። ሁለት ነገር እነግረዋለሁ። ሕመምተኛውን ጠዋት የሚበላ መሆኑን ጠይቅ። የማይታወቀውን ደግሞ ከሚታወቀው በፊት ተናገር፤ በመጨረሻ ከተናገርከው ወንበር እየተሰበሰበ ስለሆነ ማንም አይሰማህም።