ዘፋኟን በጀርባዋ የሚያውቃት ሰው

ሰፈሩ «ክርኑ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት አማቱ ናቸው። እሱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው፤ ስሟ የገነነ አንዲት ዘፋኝን ከኋላዋ ቆሞ እያጀበ ከከተማ ከተማ ሲዞር ዓመታት ተቆጥረዋል። ኮንሰርቱ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያያል። ካሜራው ግን ዘፋኟን ትቶ የትም አይሄድም። አልፎ አልፎ ብቻ፣ በስክሪኑ ጥግ፣ አንድ ክርን እጥፍ ዘርጋ ይልና ይጠፋል።

መጀመሪያ ያዩት ጊዜ አማቱ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «ባልሽ የታለ?» ብለው ሚስቱን ጠየቋት።

«ያውና፣ አሁን ያለፈው እሱ ነው።»

«እሱማ ክርን ነው። ቀሪውን ሲያሳዩ ጥሩኝ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ይኸው እስከ ዛሬ የጠራቸው የለም።

ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ ለእሳቸው ሥራ ማለት ሰው ቆሞ የሚያየው፣ ዳስሶ የሚከራከርበት ነገር ነው። አማቻቸው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይወጣና ወራት ከርሞ ሲመለስ ምን ሠርቶ እንደመጣ የሚያሳያቸው ነገር የለውም። «እስቲ አጫውተኝ» ሲሉት ጊታሩን አውጥቶ ይጫወትላቸዋል። ቤዝ ደግሞ ብቻውን ምን ይላል? ዱም፣ ዱም። «ዘፈኑስ?» ይላሉ። ዘፈኑማ ያለው ከሌሎቹ ጋር ነው። ክርኑ ይህን ሁሉ በሳቅ ነው የሚያልፈው፤ ሆዱ ግን ሳይከፋው ቀርቶ አያውቅም።

ታዲያ ዘንድሮ ዘፋኟ ለትልቁ የሙዚቃ ሽልማት ታጨች፤ በዝግጅቱ ላይ እንድትዘፍንም ተጠየቀች። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን የዝግጅቱ ዳይሬክተር ባንዱን አስቁሞ፣ «ከሦስተኛው ክፍል በፊት ሁሉም ዝም ይላል። ቤዙ ብቻውን አራት ዙር ይጫወታል። መብራቱ አንተ ላይ፣ ካሜራው ፊትህ ላይ» አለው።

«ፊቴ ላይ?» አለ ክርኑ።

«ሌላ የት ይሁን?»

የዚያን ቀን እግሩ መሬት አልነካም። ወዲያው ለሚስቱ ደወለ። እሷ ለእናቷ ነገረች፤ እናቷም «ሙሉ ፊቱን?» ብለው ሦስት ጊዜ ካረጋገጡ በኋላ በግራም በቀኝም ያለውን ጎረቤት ጠሩ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የዋዛ አልሆነም። ሳሎን ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ፊቱን ሊጠብቅ ነው። ክርኑ ፀጉሩን ሁለት ጊዜ ተስተካከለ፤ ሁለተኛው አላስፈላጊ ነበር፤ የተረፈም ፀጉር አልነበረም።

ቀኑ ሲደርስ ባንዱ በአዳራሹ የጀርባ በር ገባ። አጃቢ በፊት በር አይገባም። ወንበሮቹ ላይ የታዋቂ ሰዎች ፎቶግራፍ ካርቶን ላይ ተለጥፎ ተደርድሯል፤ ካሜራዎቹ ማን የት እንደሚቀመጥ አውቀው እንዲለማመዱ ነው። ነጎድጓድ የሚሉት ድራመር፣ ከመድረክ ውጪ ድምፁ የማይሰማ ዝምተኛ ሰው፣ ከአንዲት ዝነኛ ተዋናይት ካርቶን አጠገብ ተቀምጦ እግሩን አነባብሯል።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለው ክርኑ።

«ዝም በል፣ እያወራን ነው» አለው።

መድረኩ ወለል ላይ ለእያንዳንዱ ሰው መቆሚያ በነጭ ፕላስተር መስቀል ተለጥፏል። አስተባባሪዋ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ የሰካች ፈጣን ልጅ፣ አንድ በአንድ እያቆመች ታስጠነቅቃለች። «መብራቱ የሚመጣው መስቀሉ ላይ ነው። ከመስቀሉ የወጣ ሰው ጨለማ ውስጥ ነው ያለው። እናቱም አታየውም።» ክርኑ መስቀሉ ላይ ሁለት እግሩን ገጥሞ ቆመ። የእሱ ችግር እናት ሳይሆን አማት መሆኑን አልነገራትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አጃቢ ዘፋኙን የሚያውቀው በጀርባው ነው። ክርኑ የዘፋኟን ጀርባ ከገዛ እጁ መዳፍ ለይቶ አያይም፤ ስትደክም ትከሻዋ የት እንደሚወርድ፣ ልትደግም ስትል የትኛው ተረከዟ እንደሚነሳ ያውቃል። ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ግን ከባንዱ ያልወጣ ምስጢር ነው፤ ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ዘፋኟ ግጥም ይጠፋታል። ግጥሙን የሚያሳይ ስክሪን ይቀመጥልሽ ሲሏት ደግሞ ቱግ ትላለች። መጪው ክፍል ከጠፋባት ግራ እጇ ቀስ ብሎ ይወርድና ቀሚሷን ጭብጥ ያደርጋል። ያኔ ክርኑ እየጨፈረ የሚጠጋት መስሎ ይሄድና የመጀመሪያዋን ቃል ጆሮዋ ላይ ጣል ያደርጋል። የምትፈልገው አንዲት ቃል ናት፤ ከዚያ በኋላማ ማን ያቆማታል።

ወደ ማታ ግድም አዳራሹ ሞላ። ካርቶኖቹ ተነስተው ባለቤቶቹ ተቀመጡ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው የሕዝቡን ጉምጉምታ ሲሰሙ የክርኑ ልብ ከነጎድጓድ ከበሮ በላይ ይመታል። ዘፋኟ ከልብስ መቀየሪያው ወጣች። መሬት የሚጠርግ ጅራት ያለው ቀሚስ ለብሳ፣ ሁለት ጆሮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙዚቃውን በሚያሰማት ማዳመጫ ተደፍኖ ነበር። ሲያያት ደስ አለው፤ ኮራባትም። ማዳመጫው ምን ማለት እንደሆነ ግን አላሰበበትም።

መጋረጃው ተከፈተ። ያን ምሽት ባንዱ እንደተጫወተው ተጫውቶ አያውቅም። ነጎድጓድ ከበሮውን ሲለቀው የፊተኛው ረድፍ ሰው ከወንበሩ ብድግ አለ፤ የክብር እንግዶች ናቸው፣ ወግ አጥባቂ ናቸው የተባሉት ሁሉ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ክርኑ ድምፁ ከእግሩ ሥር ተነስቶ ጥርሱ ድረስ ሲያንዘፈዝፈው ይሰማዋል። ይህን ደስታ የትኛው ካሜራ ያሳያል?

ሁለተኛው ክፍል አለቀ። ሁሉም ጸጥ አለ። መብራቱ መስቀሉ ላይ ወረደ፤ ፊቱ ሞቀው። ካሜራው በረጅም ክንዱ ላይ ሆኖ እየቀረበው መጣ። የመጀመሪያውን ዙር ጀመረ። በልማዱ ወደ ጀርባዋ አየ።

ግራ እጇ ቀሚሷን ጨብጧል።

ሳያስብ ሄደ ብሎ ማውራት ውሸት ይሆናል። አስቦበታል። አማቱ፣ ጎረቤቱ፣ ሳሎን ሙሉ ሰው እያየው ነው፤ አራት ዙር መቆም ብቻ ነው የሚጠበቅበት። እሷም እንደምንም ትወጣው ይሆናል። ያም ሆኖ፣ ጣቶቹ ሳያቋርጡ፣ ከመስቀሉ ወጥቶ ጨለማው ውስጥ ገባ። ጊታሩ ያን ቀን ገመድ አልባ መሆኑ በጀው። በየቤቱ ቴሌቪዥን ላይ የቀረው ባዶ ወለልና የፕላስተር መስቀል ነበር። ዳይሬክተሩ የዚያን ሰዓት ምን እንዳለ ባይሰማም ይገመታል።

ሲደርስባት ሦስተኛው ዙር ጀምሮ ነበር። ጆሮዋ ላይ «ሻንጣዬን» አላት። ንቅንቅ አላለችም። ደግሞ «ሻንጣዬን» አለ። ያኔ ነው ማዳመጫው ትዝ ያለው፤ ጆሮዋ ድፍን ነው፤ ቢጮህባትም አትሰማም። አራተኛው ዙር ገባ። ደንግጦ አንድ እርምጃ ሲወስድ የቀሚሷን ጅራት ረገጠው።

ዘፋኟ ተያዘች፤ ዞረች። በስንት ዓመት አንድ ቀን መድረክ ላይ ፊት ለፊት ተያዩ። ዓይኗ ውስጥ ያየው ፍርሃት የሕፃን ፍርሃት ነው። ክርኑ አፉን ሰፋ አድርጎ፣ ለደንቆሮ እንደሚነግር ሰው፣ «ሻን-ጣ-ዬን» አላት። ዓይኗ በራ። «ሻንጣዬን ሳወርድ» ብላ ጀመረች፤ ጀርባዋን ለሕዝቡ እንደሰጠች፣ እሱን እያየች፣ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ዘፈነችው። መብራቱም ካሜራውም እሷን ፍለጋ መጡ። የእሷ ፊት የለም። ከትከሻዋ በላይ የሚታየው አንድ ላቡ የሚንጠባጠብ፣ የሚስቅ ሰው ነው። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ፤ የተጠና ነገር መስሎታል።

ሽልማቱንም እሷ ወሰደች። ፈጣሪን፣ እናቷንና ቀሚሱን የሰፋላትን ሰው አመሰገነች። ባንዱን ረሳችው፤ ባንዱም አልጠበቀም።

ክርኑ በኮሪደሩ በተደረደሩት የልብስ ማንጠልጠያዎች መሃል ተሸሽጎ ወደ ቤት ደወለ። ሚስቱ በሳቅና በእንባ መሃል ናት። «አየንህ እኮ፣ ሙሉ ፊትህን። ጎረቤቶቹ አብሯት ሲዘፍን አየነው እያሉ ነው የወጡት።»

«እማማስ?»

«ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ዝም ብላ ታይ ነበር። ይኸው ስልኩን አምጪ እያለችኝ ነው።»

አማቱ ስልኩን ተቀብለው ወደ ጓዳ ሲገቡና በሩን ሲዘጉ ተሰማው።

«ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አቤት፣ እማማ።»

«ጠፍቷት ነው፣ አይደል?»

«ምኑ?»

«ቃሉ ነዋ። እሷ ከመጀመሯ በፊት አፍህ ብሎታል። አይቼዋለሁ።»

ክርኑ የሚሰማ ሰው እንዳለ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየ።

«ንገረኝ አላልኩህም» አሉ። «ሰዎቹ አብሮ ዘፈነ አሉ፤ እኔም አዎ፣ አብሮ ዘፈነ ብዬ ሸኘኋቸው። ልጄም ከእኔ አትሰማም፤ ማንም አይሰማም።» ቀጠሉና፣ «መብራቱን ትተህላት ሄድክ እኮ። ይኼን ሁሉ ዓመት ሥራህ ይኼ ነበር?» አሉት።

«አንዳንዴ ነው፣ እማማ።»

«እንግዲህ አወቅኩ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ነጎድጓድ ዱላዎቹን ጀርባ ኪሱ ሸጉጦ ሲፈልገው ልብሶቹ መሃል አገኘው። ክርኑ ይስቃል፤ እንባው ግን እየወረደ ነው።

«ምን ሆነሃል? ምን አሉህ?»

«አማቴ ባንዱ ውስጥ ገቡ» አለው።