ባርኔጣውን ያወለቀ ሰባት ቁጥር

ወይዘሮ ቬርና ቶለፍሰን በአዮዋ የበቆሎ እርሻዎች መካከል በሚገኝ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የወንዶችን ማሊያ አጥበዋል። በልጅነታቸው የቅርጫት ኳስ ዋና ነጥብ አስቆጣሪ ነበሩ፤ ዳሩ ግን ሁለተኛ ደረጃን በጨረሱ ቀን ኳሱም አብሮ አበቃ፤ ለሴት ከዚያ ወዲያ ቡድን አልነበረምና።

ሴቶችን በጾታቸው ምክንያት ከትምህርት ቤት ስፖርት ማግለልን የሚከለክለው ሕግ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ የኮሌጁ ሴቶች በትልቁ ጂምናዚየም ለመጀመሪያ ጊዜ ቅርጫት ኳስ እንዲጫወቱ ተፈቀደ። እስከዚያ ድረስ ቁጥራቸውን በፕላስተር ይለጥፉ ነበር፤ ላብ ሲበዛ ቁጥሩ ከተጫዋቿ ቀድሞ ይሮጣል።

የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሚስተር ኦሪን ለሴቶቹ አንድ ጆንያ አሮጌ የአሜሪካ እግር ኳስ ማሊያ አመጡ።

«ሕጉ ስጡ አለ እንጂ አዲስ ስጡ አላለም።»

«ይኼንንማ ብል እንኳ ንቆታል፣ ኦሪን» አሉ ወይዘሮ ቬርና።

ጨዋታው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ዳኛው ማሊያዎቹን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥፋት የሠራችውን ተጫዋች ቁጥር ለመዝጋቢው የሚነግሩት በጣታቸው፣ ለእያንዳንዱ አሃዝ አንድ እጅ እያነሡ ነው፤ በአንድ እጅ ደግሞ ከአምስት በላይ ጣት የለም።

«ስልሳ ስምንትን በምን ላሳይ? ጫማዬን ላውልቅ? ካልተስተካከለ በፎርፌ ተሸንፋችኋል።»

የአምበሏ የግሌንዳ ዓይን እንባ አቀረረ። ወይዘሮ ቬርና መቀሳቸውን አነሡ።

«አታልቅሺ ልጄ፣ ይልቅ ጨርቁን ወጥረሽ ያዢልኝ። ስምንት ግራ ጎኑን ሲያጣ ሦስት ነው፤ ስድስት ሆዱ ሲቀደድ አምስት፤ ሰባት ባርኔጣውን ሲያወልቅ አንድ።»

በቡድኑ ውስጥ ያሉት አምስት ልጆች ብቻ ነበሩ። አራት ማሊያ ተስተካከለ። አምስተኛውን፣ ሰባ ሰባት ቁጥርን፣ ሚስተር ኦሪን ሲያዩት ከጆንያው ነጥቀው ደረታቸው ላይ አቀፉት።

«ይኼ የራሴ ነው። በ1951 እዚሁ ስጫወት ዋንጫ የበላሁበት። በስሕተት ነው የገባው።»

«በአራት ሰው ጨዋታ አይጀመርም።»

«ቬርና፣ እባክሽ፣ በስተርጅና ባርኔጣዬን አታስወልቂኝ።»

«ዋንጫውን አንተ በላህ፤ ጭቃውን በየሳምንቱ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ግማሹ ማሊያ የእኔ ነው።»

ሚስተር ኦሪን ማሊያውን ሁለት ጊዜ አጣጥፈው አቀበሏቸው።

ጨዋታው በተጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ ዳኛው ፊሽካ ነፍተው ከቀኝ እጃቸው አንድ፣ ከግራ እጃቸው አንድ ጣት አነሡ፤ ጥፋቱ የአሥራ አንድ ቁጥር፣ የቀድሞው ሰባ ሰባት፣ ነበር። ሚስተር ኦሪን ከኋላ ወንበር ብድግ አሉ።

«አልነካቻትም። ጣት ከመቁጠርህ በፊት ዓይንህን ግለጥ፣ ዳኛ።»

«ተቀመጥ ኦሪን» አሉ ወይዘሮ ቬርና፣ «ነክተሃታል።»