መስቀሉን ያስገባሁበት ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ከጅዳ የተመለሰች ጎረቤቴ ዘሀራ የመሬት ኪራይ ውል እንዳነብላት መጣች። እያንዳንዱን መስመር ሁለት ሦስት ጊዜ ስመለከት፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ካነበቡትማ መሬቱ ጦም ማደሩ ነው» ብላ ሳቀችብኝ። አልፈረድሁባትም፤ ወረቀት ሲቀርብልኝ እጄ መክበድ የጀመረው በወጣትነቴ ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የእናቴ ወንድም በመካነ ሰላም አቅራቢያ ባለች የሩፋኤል ደብር ቄሰ ገበዝ፣ ማለትም የንዋየ ቅድሳት ጠባቂ ነበሩ። ደብሯ አንድ ጥንታዊ የናስ መስቀል ነበራት። ጳጉሜን ሦስት፣ ዝናቡ ራሱ ጸበል በሚሆንበት ዕለት፣ መስቀሉ ሜዳ ላይ ወጥቶ ይዘንብበታል፤ ሕዝቡም ከእሱ የሚንጠባጠበውን ውሃ በእጁ ይቀበላል። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ያፈስ ስለነበር፣ መስቀሉ በክፍለ ሀገሩ ቤተ መዘክር እንዲቀመጥ አጎቴን የወተወትሁ እኔ ነኝ። በየዓመቱ ለበዓሉ ልናመጣው ከሠራተኞቹ ጋር በቃል ተስማማን። በእኛ አገር አደራ ማለት ቃል ነው፤ ጽሑፍ የጠየቀ ሰው ተቀባዩን እንደ ሌባ የቆጠረ ያህል ነው።

የቤተ መዘክሩ ቅጽ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፤ ስጦታ ወይም ግዢ።

«አደራ የሚል የለውም?» አሉኝ አጎቴ።

ከዳር መጻፍ እችል ነበር። ነገር ግን ቅጽ ላይ መሞነጫጨር ያልተማረ ሰው ሥራ ይመስለኝ ነበር። ለመዝገብ ያህል ነው ብዬ «ስጦታ» በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፤ እሳቸውም አምነውኝ ፈረሙ።

በዓመቱ፣ ነሐሴ ሲያልቅ፣ መስቀሉን ልናመጣ ሄድን። የተሳፈርንበት የጭነት መኪና ወረኢሉ ሳይደርስ ጭቃ ያዘው፤ በሶ በጥብጠን እየጠጣን ግማሽ ቀን ቆምን። አጎቴ ለመስቀሉ መጠቅለያ የያዙትን አዲስ ነጠላ ከጉያቸው አላወጡም።

በቤተ መዘክሩ የተጠረቡ ድንጋዮችን፣ የተሰበሩ ማሰሮዎችንና የቆዩ ሥዕሎችን አልፈን መስቀሉን በመስታወት ውስጥ አገኘነው። አጎቴ ጫማቸውን አውልቀው መስታወቱን ተሳለሙ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ መዝገቡን ራሱ አውጥቶ አሳየን።

«አባ፣ በስጦታ የገባ ዕቃ አይወጣም። እኔም አላዝበት።»

አደራ መሆኑን ባስረዳው፣ ቅጹን ማን እንደሞላው ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልሁ።

አጎቴ አልተቆጡም። ውጭ ስንወጣ ብቻ፣ «ልጄ፣ ሕዝቡን ምን ልበለው?» አሉኝ።

ያን ጳጉሜን ሦስት በእንጨት መስቀል ባረኩ። ቄሰ ገበዙ ሸጠውት ነው የሚል ወሬ ዝናቡ ሳያባራ ተሰማ። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር፤ ብናገር ዘመድ ለዘመድ ይመሰክራል እንጂ ሌላ ምን ሊባል። እሳቸው ቅጹን ማን እንደሞላው እስኪሞቱ ድረስ ለማንም አልተናገሩም።

ዛሬም ለቤተ መዘክሩ እጽፋለሁ። መልሱ ትሕትና አያጣውም፤ ከኋላው ግን ሁልጊዜ የዚያ ቅጽ ቅጂ ተያይዞ ይመጣል። ሥርዝ ድልዝ የለበትም።